«በኮምፒውተሩ ውስጥ የለም» ሲባል



ወደዚህች አገር አዲስ የገባ ሰው ቶሎ ከሚለምዳቸው የዕብራይስጥ አነጋገሮች አንዱ «ኤን ሊ ክሉም ባማህሼቭ» የሚለው ነው። በኮምፒውተሬ ውስጥ ምንም የለም ማለት ነው። ጸሐፊዋ ይህን የምትለው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ከፊቷ ያለው ስክሪን እውነትም ባዶ ነው። እርስዎ ደግሞ ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በስልክዎ ቶፌሱን ሲሞሉ፣ ሲያጠፉ፣ እንደገና ሲሞሉ እንዳመሹ በሚገባ ያውቃሉ። እርሷም እውነት ተናገረች፣ እርስዎም እውነት ተናገሩ። ይሁንና ከኋላ ወረፋው ረጅም ነው፣ ቋንቋውም አይበቃም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚታመነው ኮምፒውተሩ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ የምፈልገው ኮምፒውተሩ የማያየው ነገር ብዙ መሆኑን፣ ለምን እንደማያየውና እኛ እንዴት ልናሳየው እንደምንችል ነው።

እኔ የምኖረው እዚሁ አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን ነው። የእንጀራ ሥራዬ ድረ ገጾችን መፈተሽ ነው። ገጹ የት ላይ እንደሚሰናከል፣ በስንት ሰከንድ እንደሚከፈት፣ በየትኛው ዓይነት ስልክ እንደማይሠራ የሚጻፍበትን መዝገብ በየቀኑ አነባለሁ። ይህን መዝገብ የሙያው ሰዎች «ሎግ» ይሉታል። ቃሉ ከባሕር የመጣ ነው፤ ዱሮ የመርከብን ፍጥነት የሚለኩት በገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ውኃ በመጣል ነበርና፣ ልኩ የሚጻፍበት ደብተር በእንጨቱ ስም ተጠራ። ካፒቴኑም በመንገድ የደረሰውን ሁሉ እዚያው ይጽፍ ጀመር። በወደብ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ብዙ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩን በወደባችን ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ኮንቴይነር በጭነት መኪና ተጭኖ ከአሽዶድ ወደብ በር ሲወጣ ቁጥሩና ሰዓቱ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም፣ ውስጡ ያለው ዕቃ ቢሰበር፣ ወይም ባለቤቱ መክፈቻውን ቢያጣ የበሩ መዝገብ «ወጥቷል» ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም። ሾፌሩ ደውሎ ካልነገረ ማንም አይሰማም። ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው። ሰርቨር የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ገጹን ወደ ስልካችሁ ይልክና «ልኬአለሁ» ብሎ ይመዘግባል። ለዚህ የሚጽፈው ምልክት 200 የሚል ቁጥር ነው፤ በእኛ ሙያ 200 ማለት ተሳክቷል ማለት ነው። ገጹ ስልካችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚደርስበት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዱሮ ድረ ገጽ እንደ ተላከ ወረቀት ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን በስልካችሁ ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ቁልፉን በጣት ስትነኩ «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ የሚወስነው በአብዛኛው ስልኩ ነው እንጂ ሩቅ ያለው ሰርቨር አይደለም። ስለሆነም ብልሽቱ የሚደርሰው እዚያው እጃችሁ ላይ ነው።

ሰርቨሩ በራሱ ቤት የሚሆነውን ሲመዘግብ እጅግ ጠንቃቃ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ተበላሽቶ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ሲፈቅድ እንዳደረ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ወደ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደተወሰደበት ገልጾ ቀስ በቀስ ማስመለስ ጀመረ፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ብር እንደወሰደ በባንኩ መዝገብ ተጽፎ ነበርና መደበቂያ አልነበረም። በዚያው ሌሊት ግን የስልኩ አፕሊኬሽን አልከፍት ብሎት የገዛ ገንዘቡን ማየት ያቃተው ሰው ቢኖር፣ የእርሱ ችግር በዚያ መዝገብ አይገኝም። የደረሰው ስልኩ ላይ ነውና።

የራሳችንን ፊደል ደግሞ እንውሰድ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው ደግሞ በ2007 ነው። የዛሬ አዳዲስ ስልኮች አማርኛን በደንብ ያሳያሉ። በአሮጌ ስልክ ላይ ወይም ፊደሉ በትክክል ባልተጫነበት ገጽ ላይ ግን በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ አውጥቶ፣ ተርጓሚ ቀጥሮ ማስታወቂያውን በአማርኛ ያወጣል፤ ሰርቨሩ 200 ብሎ ይመዘግባል፤ አያት ሣጥን ይቆጥራሉ። ሌላም አለ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ በመካከሉ ክፍት ቦታ ያለው ቁጥር ይገለባበጣል፣ +972 የሚለውም 972+ ሆኖ ይታያል። ስልኩ ራሱ ይህን እንደ ብልሽት አይቆጥረውም። ሣጥኑን «ጉድ ነው» የሚለው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ታዲያ ኩባንያዎች በሰው ስልክ ላይ የሚደርሰውን ጨርሶ አያውቁም ወይ? እንደሱ አይደለም። ከገጹ ጋር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አብረው ይልካሉ። አንዳንዱ ሰላይ ይላታል፤ እኔ መልእክተኛ ብላት እመርጣለሁ። ሥራዋ ሁለት ነው። ገጹ ሲሰናከል ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ፣ በየትኛው የፕሮግራሙ መስመር ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደደረሰ ትጽፋለች። እንዲሁም ጊዜ ትለካለች። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2020 ለዚህ ሦስት መለኪያዎች አውጥቶ ነበር። ዋናው የገጹ ክፍል እስከ 2.5 ሰከንድ ድረስ ከታየ ጥሩ ይባላል። ከማርች 2024 ጀምሮ ደግሞ ገጹ ሲነካ እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለት በአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሦስተኛው፣ ጽሑፍና ቁልፍ ከቦታቸው እየተንሸራተቱ ጣታችሁን የሚያሳስቱበትን መጠን ይለካል፤ «እሺ» ልትሉ ስትዘረጉ ማስታወቂያ የምትነኩበትን ማለቴ ነው።

መልእክተኛዋ የሰበሰበችውን በየቅጽበቱ አትልክም። ባትሪና ኢንተርኔት እንዳትጨርስ አጠራቅማ፣ ብዙ ጊዜ ሰውዬው ገጹን ትቶ ሊወጣ ሲል በአንድ ጊዜ ትልካለች። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ ሆኖ ገጹ ካልወረደ እርሷም አልደረሰችም፤ ያልደረሰ መልእክተኛ ወሬ አያመጣም። የስልኩ ሜሞሪ ሞልቶ ገጹ በድንገት ከተዘጋ ያጠራቀመችው አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በከተማችን ብዙ ሰው የሚይዘው የኢንተርኔት ማጣሪያ ያለበት ስልክም አንዳንድ ጊዜ እርሷን ከበር ይመልሳታል። ትላልቅ ገጾች ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ከመቶ ጎብኚ የጥቂቱን ብቻ ይመዘግቡና የቀረውን ይተዉታል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

በቢንያናችን አንዲት እናት አሉ። በ2021 በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደር ከልጆቻቸው ጋር የመጡ ናቸው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለቤት ኪራይ የምትሆን ድጋፍ ለማግኘት ቶፌስ በስልክ መሙላት እንዳለባቸው ነገራቸው፤ የመጨረሻው ቀን የወሩ ማለቂያ ነበር። ሦስት ምሽት ሞሉ። በትልቁ ልጃቸው እየታገዙ «ሽላህ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ሥራቸውን አስፈቅደው ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢሄዱ፣ የተመለሰላቸው ያው የምታውቁት ቃል ነው። ማታ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ውሸታም አደረጉኝ እኮ» አሉኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያበሳጫቸው ይህ እንደነበረ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። ዓይናቸው ስለደከመ የስልኩ ጽሑፍ በጣም ትልቅ ተደርጓል፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ነው፣ ስልኩ ራሱ የሚፈቅደው ነገር ነው። ቁልፉን ብጫን ምንም የለም። ገጹን ወደ ላይ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ብገፋው አንዲት ቀይ መስመር አገኘሁ፤ «የስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ትላለች። ስልኩ በገዛ ፈቃዱ ቁጥሩን በ+972 ጀምሮ ሞልቶላቸዋል፤ ገጹ ደግሞ በ05 የሚጀምሩ አሥር ቁጥሮች ካልሆኑ አልቀበልም ይላል። ጽሑፉ ስለተለቀ ቀይዋ መስመር ከስክሪኑ ውጭ ቀርታለች። እንግዲህ የከለከለው ስልኩ ውስጥ ያለው ገጽ ስለሆነ ወደ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ፊደል እንኳ አልሄደችም። መልእክተኛዋስ? እርሷም ዝም ብላለች። ለገጹ ሠሪዎች ይህ ስህተት አይደለምና። ገጹ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ትክክል ያልሆነ ቁጥር መልስ ተብሎ መልሷል። ሦስት ምሽት ሙሉ አንዲት እናት በር ሲያንኳኩ ከውስጥ ማንም አልሰማም።

በማግስቱ ከሱቅ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስልኩን ዓይነት፣ የትኛው ገጽ እንደሆነና የታየውን ነገር ጻፍኩ። ከዚያ በሰንበት ምኩራብ በር ላይ ጠየቅሁ፤ ከሌላ ቢንያን አንዲት ወጣት እናት ያው ቁልፍ አልሠራ እንዳላት ነገረችኝ። ደስ የሚለው፣ የፊተኛዋ እናት ልጅ ለአጎቱ ለማሳየት ብሎ በየምሽቱ የስልኩን ፊት ፎቶ ሲያነሣ ኖሯል፤ ዕብራይስጡ «ጺሉም ማሳህ» የሚለውን ማለቴ ነው። በፎቶው ጫፍ ላይ ሰዓቱ 21:40 ይላል። ወጣቷም እንዲሁ አንድ ፎቶ ነበራት።

ደብተሩንና ፎቶዎቹን ይዘን ወደ ኃላፊዋ ገባን። ሰሚ ሰው ናት። ለገጹ ሠሪዎች ላከችላቸውና እነርሱ በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ያን ሰዓት ፈለጉ። እውነትም በ21:40 ገደማ፣ በዚያው ዓይነት ስልክ ገጹ ተከፍቶ ነበር፤ ተከፈተ፣ 200፣ ከዚያ ምንም የለም። የእኛ ደብተርና የእነርሱ መዝገብ ተገጣጠሙ። የሁለቱ እናቶች ማመልከቻ በፎቶው ቀን እንደገባ ተቆጠረ። ገጹም ኋላ ተስተካከለ፤ +972 ይቀበላል፣ ቀይዋ መስመር አሁን ከቁልፉ አጠገብ ትታያለች፣ መልእክተኛዋም ሰው ቁልፍ ተጭኖ ሲመለስ እንድትናገር ታዘዘች።

ሦስተኛው ሰው ግን አልቀናቸውም። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸው ቀደም ብለው ብቻቸውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ነበር። ጸሐፊው ቀኑንና ሰዓቱን ቢጠይቃቸው በተማሩት ዕብራይስጥ «በሻኣ ሻሎሽ» ብለው መለሱ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ጸሐፊው ግን ከቀትር በኋላ 15:00 ፈልጎ ምንም አጣ። እርሳቸውም «ይሁን» ብለው ተመለሱ፣ ለማንም አልተናገሩም። የሁለቱ እናቶች ነገር በሰፈሩ ሲወራ ነው ለእኛ የነገሩን፤ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ መዝገብ ዘላለም አይቀመጥም። ቦታ ስለሚይዝና ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብዙ መሥሪያ ቤት የዚህ ዓይነቱን መዝገብ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ያጠፋዋል። የሽማግሌው ምሽት ተሰርዞ ነበር። እንደ አዲስ አመልክተው ከዚያ ወዲያ ያለውን ተቀበሉ፤ ያለፈው ገንዘብ ግን አለፈ።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ የምንለው በእስራኤል 9:20 ነው። ሎግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ያው ቅጽበት በሻኦን ሆሬፍ 7:20፣ በሻኦን ካይጽ 6:20 ተብሎ ይቀመጣል። «ክረምት» እና «በጋ» ብዬ ያልጻፍኩት አውቄ ነው፤ የእኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው፣ እዚህ ደግሞ ያን ጊዜ ሰው በሙቀት ይቃጠላል። ስለዚህ የግሪንዊቹን ለእነርሱ ተዉላቸው፤ እናንተ ግን ለመሥሪያ ቤት ስትናገሩ ሁልጊዜ በስልኩ ፊት ላይ በቁጥር የተጻፈውን ሰዓት አንብባችሁ ስጡ። ከሐሳባችሁ አትተርጉሙ።

አንባቢ «እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው በእኛ በአዲስ ገቢዎች ላይ ብቻ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እስቲ በትልቁ የዩቲዩብ ኩባንያ የደረሰውን ላውጋችሁ። ክሪስ ዘካሪያስ የተባለ የዩቲዩብ ኢንጅነር ራሱ በ2012 የጻፈው ነው። የቪድዮው ገጽ 1.2 ሜጋባይት ከብዶ ስላየው ቀንሶ ቀንሶ ወደ 98 ኪሎባይት አወረደው፤ አሥር እጅ በላይ ቀለለ ማለት ነው። ለአንዳንድ ተመልካቾች ከፍቶ ልኬቱን ሲጠብቅ፣ ገጹ የሚከፈትበት አማካይ ጊዜ ከበፊቱ ረዘመ! ቀለለ፣ ግን ዘገየ። ሰውዬው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ልኬቱን በየአገሩ ከፋፍሎ አየው። ለካ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካና በሳይቤሪያ ራቅ ባሉ ቦታዎች ያሉ ሰዎች አዲስ መጥተዋል። በእነርሱ መስመር የድሮው ገጽ ለመከፈት ከሃያ ደቂቃ በላይ ይወስድ ስለነበር ማንም አይጠብቀውም ነበር። አሁን በሁለት ደቂቃ ተከፈተላቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጠሩ። ያ የድሮው «ጥሩ» አማካይ ጥሩ የነበረው እነርሱ ስላልነበሩበት ነው።

ይህን ታሪክ በሥራ ቦታዬ ስብሰባ ላይ ደጋግሜ አንሥቼዋለሁ፤ ጓደኞቼ ሳይሰለቹኝ አይቀሩም። ምክንያቴ ይህ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የጎግል መለኪያ ከመቶ ጉብኝት 75ቱ በልኩ ውስጥ ከሆነ ገጹን «ጥሩ» ብሎ ያሳልፈዋል። ጫማ ለሚሸጥ ሱቅ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት 25 ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። የልጆች ገንዘብ ለሚከፍል፣ የሐኪም ቶር ለሚሰጥ መሥሪያ ቤት ግን በእኔ አስተያየት አይበቃም፤ የቀሩት 25 ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። እነዚያ 25 ደግሞ እንዲያው በዕጣ የወጡ አይደሉም። አሮጌ ስልክ፣ ከታላቅ ወንድም የተረፈ ስልክ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ በወሩ መጨረሻ ያለቀ ጊጋ የያዙ ሰዎች ይበዙባቸዋል።

እንግዲህ መልእክተኛዋ ያልደረሰችበትን እኛ መናገር አለብን። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። አባቶቻችን ይህን ያሉት በፍርድ አደባባይና በጎረቤት ጠብ መካከል ሆነው ስለሆነ አልነቅፋቸውም። በዚህ ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሽማግሌው ላይ ነቅዟል። ገጹን በጸጥታ ዘግቶ የሄደ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሄደ ሰው ነው የሚታየው።

ስልክ ላይ አንድ ነገር እምቢ ሲላችሁ ከሁሉ በፊት ገጹን አትዝጉ። የስልኩን ፊት ሰዓቱ እየታየ ፎቶ አንሡ። ገጹን እስከ ላይና እስከ ታች ገፍታችሁ ቀይ ጽሑፍ ፈልጉ፤ ቁጥር ያለበት የስህተት ምልክት ካያችሁ እርሱንም አንሡ፣ ለሠሪዎቹ ያ ቁጥር ከአሥር ቃል ይበልጣልና። ቶፌስ በትክክል ከሄደ ብዙ ጊዜ «ሚስፓር አስማህታ» የሚባል ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር ካልወጣ፣ ገጹ ምንም ያህል አረንጓዴ ቢሆንና ቢያመሰግናችሁ፣ ሄዷል ብላችሁ አትተኙ። ከዚያ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ደውሉ። የቢቱዋህ ለኡሚ ስልክ *6050፣ የሚስራድ ሃክሊታ *2994፣ የማዘጋጃ ቤታችን ሞኬድ 106 ነው። ስትደውሉም «አልሠራልኝም» ብቻ አትበሉ፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ስልክ፣ ይህን ቁልፍ ስጫን ይህ ታየ» በሉ። የተናገራችሁትን ሰው ስምና የተሰጣችሁን የፒንያ ቁጥር ጻፉ።

አንዳንድ ወላጆች «ታዲያ ይህች መልእክተኛ የእኛን ምሥጢር አትወስድም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥንቃቄ የተሠራች ከሆነች የስልኩን ዓይነት፣ ሰዓቱንና የተሰናከለውን መስመር ትወስዳለች እንጂ የጻፋችሁትን አትወስድም። ግድ የለሽ ሠሪ ግን የሰውን የተኡዳት ዜሁት ቁጥር ሳይቀር በሎግ ውስጥ ይጥላል፤ በሙያችን ይህ ያልታየ ነገር አይደለም። በእስራኤል የግል ምሥጢር ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ አለ። ማሻሻያ ቁጥር 13 የተባለው በኦገስት 2024 በክኔሴት ጸድቆ ከኦገስት 14 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ከፍ ያለ የገንዘብ መቀጮ የመጣል ሥልጣን ሰጥቶታል። ሰው ስለ ራሱ በመረጃ ማኅደር የተያዘውን ለማየት የመጠየቅ መብትም አለው። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። የዜሁት ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሕመም ወረቀት ያለበትን ፎቶ ሁለት መቶ ሰው ባለበት የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ «እባካችሁ እርዱኝ» ብለን እንለጥፋለን። ፎቶውን ለሚረዳችሁ አንድ ሰው ብቻ ላኩ፤ ቁጥሩንም በጣታችሁ ሸፍናችሁ ወይም በስልኩ እርሳስ አጥቁራችሁ ላኩ። በደብተራችንም የዜሁት ቁጥር አይጻፍም፣ ስምም አይጻፍም፤ የቢንያኑ ቁጥር ይበቃል።

ደብተሩ አሁን ሁለተኛው ሆኗል። የሚበዛውን የምትጽፈው የፊተኛዋ እናት ሴት ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ናት። የገጹን ስም በዕብራይስጥ፣ የባለቤቱን ቃል በአማርኛ፣ እንደተናገሩት ታሰፍራለች። ባለፈው ሳምንት የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ 21:15፤ አሮጌ ሳምሰንግ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ። ገጹ በአማርኛ ተከፈተ፣ ከላይ ሣጥን ሣጥን ብቻ፣ ከታች ደህና ነው። አስማህታ አልወጣም። ፎቶ አለ። አባባ ገጹን አልዘጉትም፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው እየጠበቁ ነው።»